ቲሲን ለማያውቅ ባልደረባ የሚሆን የኔትወርክ ወረፋ መቆጣጠሪያ ገጽ እንዴት ይሠራ?

ጥያቄው፦ «ጋሼ ሰላም ነዎት? በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል እሠራለሁ። 60 የምንሆን ሰዎች አንድ የፋይበር መስመር እንጋራለን። መስመሩ 40 ሜጋ ዳውንሎድ፣ 20 ሜጋ አፕሎድ ነው። ራውተራችን ሊኑክስ ነው። ወረፋውን በቲሲ፣ በሊኑክስ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ትዕዛዝ፣ ያዋቀርኩት እኔ ነኝ። ፈቃድ ስወጣ ደፍሮ የሚነካው የለም። ስለዚህ በብሮውዘር የሚከፈት መቆጣጠሪያ ገጽ ልሠራላቸው ነው። የቲሲን አማራጮች ሁሉ ላውጣቸው ወይስ ልደብቃቸው? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። ቲሲን እንዴት ላዋቅር የሚለኝ ብዙ ነው። ሌላው ሰው እንዴት ይጠቀምበት ብሎ የሚጨነቅ ግን አልፎ አልፎ ነው የሚገጥመኝ።

«ላውጣ ወይስ ልደብቅ» ከማለትህ በፊት አንድ ነገር ወስን። ገጽህ ሰውን ምን ይጠይቃል? የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ሊመልሰው የሚችለውን ብቻ ጠይቀው። ባልደረባህ የመስመሩን ፍጥነት ያውቃል። የማን ስብሰባ እንደተቆራረጠ ያውቃል። «በርስቱ (በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው) ስንት ባይት ይሁን?» ብትለው ግን መልሱን ከየት ያመጣዋል? እሱን ማሽኑ ያስላ። ውጤቱን ስታሳየው ደግሞ የፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ) ቁጥር አትደርድርበት። ስንት ሚሊሴኮንድ እንደሚጠበቅ አሳየው።

ባልደረቦችህ መፍራታቸው ልክ ነው። ቲሲ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) አሠራር እንዳለ አውጥቶ ነው የሚያሳይህ። አሃዶቹን ብቻ እንይ። «ኤምቢት» ብለህ ከጻፍክ ሜጋቢት በሴኮንድ ነው። «ኤምቢፒኤስ» ካልክ ግን ቲሲ የሚረዳው ሜጋባይት በሴኮንድ ብሎ ነው። የኢንተርኔት ውል ላይ ኤምቢፒኤስ ማለት ሜጋቢት ነው። እንግዲህ ውሉን አይቶ 20 ኤምቢፒኤስ ብሎ የጻፈ ሰው ገደቡን 160 ሜጋቢት ላይ ሰቀለው ማለት ነው። ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም። ሁሉም ነገር የተሳካ ይመስላል። ወረፋው ግን አይሠራም።

ሌላም አለ። ኤችቲቢ የሚባለው የቲሲ ዘዴ መስመሩን በክፍሎች ያካፍላል። እሱ ላይ ነባሪ ክፍል (ሌላ ካልተባለ የሚሠራ) ካልሰየምክ፣ የትም ያልተመደበው ትራፊክ ያለ ገደብ ያልፋል። የክፍል ቁጥሮቹ በ16 ቤት ነው የሚቆጠሩት፤ 10 ብለህ የጻፍከው 16 ነው። ስትሳሳት ደግሞ «ፋይሉ አለ» ወይም «ልክ ያልሆነ ግብዓት» ይልሃል። የቱ ፋይል? የቱ ግብዓት? ሰው ይህን አንድ ጊዜ ካየ ሁለተኛ አይነካውም። ገጽህ እነዚህን ወጥመዶች ሳይፈታ ወደ ብሮውዘር ብቻ ካመጣቸው ፍርሃቱ አብሮ ይመጣል።

አሁን ችግሩን በሰው ቋንቋ እንየው፤ ገጹ ላይ የምትጽፈው ቃል ከዚህ ነው የሚመነጨው። ወፍጮ ቤት አስብ። አንዱ ሦስት ኩንታል ጤፍ ጭኖ መጥቷል። ከኋላው አንዲት ልጅ ሁለት ኪሎ ገብስ ይዛ ቆማለች። ሰልፉ አንድ ከሆነ ልጅቷ ግማሽ ቀኗ አለቀ። ባለሦስት ኩንታሉ ፋይል ወደ ላይ የሚጭነው ሰውዬ ነው። ልጅቷ የቪዲዮ ስብሰባው ድምፅ ናት።

በቁጥር ላሳይህ። የሊኑክስ የድሮ ነባሪ ወረፋ 1000 ፓኬት ያህል ይይዛል። አንዱን ፓኬት 1500 ባይት ብንል፣ ሙሉ ወረፋ 12 ሚሊዮን ቢት ነው። በአንተ 20 ሜጋቢት አፕሎድ ይህ የ0.6 ሴኮንድ ጥበቃ ነው። በ2 ሜጋቢት መስመር ደግሞ 6 ሴኮንድ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስልክ ንግግር በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሴኮንድ ድረስ መልካም ነው ይላል። ሰው «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ሲልህ ብዙ ጊዜ ፍጥነት አይደለም ያጣው። ወረፋ ውስጥ ነው የቆመው። ጂም ጌቲስ በ2010 ይህን ችግር ከቤቱ መስመር ተነስቶ ሲመረምር በፈርብሎት የሚል ስም አወጣለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለገጽ ንድፍ ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከዚህ ነውና። በ1993 ሳሊ ፍሎይድና ቫን ጃኮብሰን ሬድ የሚባል የወረፋ አያያዝ ዘዴ አቀረቡ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ዝቅተኛ ወሰን፣ ከፍተኛ ወሰን፣ የመጣል ዕድል፣ የአማካይ ክብደት እያለ አስተዳዳሪውን ይጠይቃል። ትክክለኛው ቁጥር እንደ መስመሩ ይለያያል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያበራው ቀረ። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ያው ቫን ጃኮብሰን ኮደልን ይዘው መጡ። ኮደል ስንት ፓኬት እንደተሰለፈ አይቆጥርም። የሚለካው አንድ ፓኬት ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ ነው። ነባሪዎቹ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ 5 ሚሊሴኮንድ እና 100 ሚሊሴኮንድ። በመደበኛ የኢንተርኔት መስመር ላይ ማንም ሊነካቸው አያስፈልግም። አየህ፣ መለኪያው ከብዛት ወደ ጊዜ ሲቀየር መዘውሩ፣ ማለትም ሰው የሚያስተካክለው ቁጥር፣ ራሱ ጠፋ። ገጽህ ላይ የሚያስቸግር መዘውር ባጋጠመህ ቁጥር ይህን አስታውስ። «እንዴት ላስረዳው?» ከማለትህ በፊት «ላስቀረው እችላለሁ?» በል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቀዋለህ። ኤፍኪው-ኮደል የሚባለው የኮደል ልጅ ለየፍሰቱ (ለእያንዳንዱ ግንኙነት) የየራሱን ሰልፍ ሰጠ፤ ልጅቷ ለብቻዋ ቆመች ማለት ነው። ብዙ ሊኑክሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ በ2014 ነባሪ አደረገው። የፍጥነት ገደቡንም አብሮ የሚሠራው ኬክ የሚባል የወረፋ ዘዴ ደግሞ በ2018 ከሊኑክስ 4.19 ጋር ገባ። ለሁለቱም ብዙ የደከመው ዴቭ ታት በ2025 ከዚህ ዓለም ተለየ። ዛሬ ስብሰባ ሳይቆራረጥ የምንነጋገረው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ልፋት ነው፣ ስሙን ሳልጠራ ማለፍ አልፈለግኩም።

እንግዲህ የመጀመሪያ ስክሪንህ። አራት ነገር ይበቃዋል። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ገመድ የቱ ነው? ዳውንሎድ ስንት ነው? አፕሎድ ስንት ነው? የመስመሩ ዓይነት ምንድን ነው፣ ፋይበር፣ ዲኤስኤል ወይስ ሞባይል? ከስር አንድ ማብሪያ ማጥፊያ። አለቀ። ከኋላ ሆኖ የሚሠራው ኬክ ይሁን።

ስለ ፍጥነቱ ግን አንድ ነገር ማስረዳት አለብህ፤ ማሽኑ በራሱ ሊያውቀው የማይችለው ይህን ብቻ ነውና። ወረፋ የሚፈጠረው በጠባቡ ቦታ ነው። ጠባቡ ቦታ የአቅራቢው ሞደም ከሆነ አንተ ራውተር ላይ የቱንም ያህል ብትደክም ወረፋው እዚያ ሞደሙ ውስጥ ይከመራል። ስለዚህ ራውተርህን ሆን ብለህ ትንሽ ጠበብ ታደርገዋለህ። እኔ ከተለካው ፍጥነት 90 በመቶ ላይ እጀምራለሁ። የአንተ 20 ሜጋቢት በትክክል ተለክቶ ከተገኘ 18 ይሆናል። ገጹ ይህን ቅናሽ ራሱ ይሥራ። ሰውየው ውሉ ላይ ያለውን ሳይሆን የለካውን ይጻፍ። ከስሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጥ፦ «10 በመቶ የምንተወው ወረፋው እኛ ጋር እንዲሆን ነው።» ይህን ካላልክ አንዱ ቅን ሰው «ፍጥነት እየባከነ ነው» ብሎ 100 በመቶ ያደርገዋል።

አሃድ ላይ ደግሞ ጨክን። በእኛ አፍ «ሜጋ» ሁለት ነገር ነው። የስልክ ጥቅል ሲገዛ መጠን ነው፣ የቢሮ መስመር ሲሆን ፍጥነት ነው። ስለዚህ ሳጥኑ አጠገብ «ሜጋቢት በሴኮንድ» ብለህ ሙሉውን ጻፈው። ሌላ አሃድ ምርጫ አትስጥ። ኦፕንደብሊውአርቲ በሚባለው የራውተር ሊኑክስ ላይ ያለው የኤስኪውኤም (የወረፋ ማስተካከያ) ገጽ በብዙ ነገር የምወደው ነው። ፍጥነቱን ግን በኪሎቢት ይጠይቃል። 20 ብሎ የሚጽፍ ሰው 20 ኪሎቢት አደረገው፤ መስመሩ ሞተ። 0 ከጻፈ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ያለው ቁጥጥር ይጠፋል። ዜሮ ማለት «አጥፋ» እንዲሆን አታድርግ። ለማጥፋት ማብሪያ ማጥፊያ አለ።

እኔም ተቃጥዬበታለሁ። አንድ ጊዜ ሩቅ ከተማ ያለ ቅርንጫፍ ራውተር ላይ ከዚሁ ሆኜ ገደብ ስቀይር አሃዱን ተሳሳትኩ። ኪሎ የሆነውን ሜጋ መሰለኝ። ማስተካከያውን የምልክበት መስመር ራሱ ነው የታነቀው። እዚያ ያለ ዘበኛ ራውተሩን ነቅሎ እስኪሰካልኝ ድረስ ቅርንጫፉ በሙሉ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ በራሱ የማይመለስ ገጽ አልሠራም።

በራሱ የሚመለስ ስልህ ይህን ነው። የጁኒፐር ራውተሮች ላይ ለውጥን በሙከራ ማጽደቅ ይቻላል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ዳግም ካላረጋገጥክ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኦፕንደብሊውአርቲም ለውጡን ካስገባ በኋላ ገጹ ካልተገናኘ ወደ ድሮው ይመልሳል። አንተም እንዲሁ አድርግ። ለውጡ ይግባ። «ሁሉም ደህና ነው?» የሚል ጥያቄ ከሚቆጥር ሰዓት ጋር ይምጣ። 2 ደቂቃ ለአንተ ቢሮ ይበቃል። መልስ ካልመጣ ይመለስ። ቆጠራው ራውተሩ ላይ ይሁን እንጂ ብሮውዘሩ ላይ አይሁን፤ መስመሩ ከተቆረጠ ብሮውዘሩ ምንም ማድረግ አይችልምና። ፍጥነት ብቻ ሲቀየር ደግሞ ወረፋውን አፍርሰህ አትትከል። ቲሲ ነባሩን እንዳለ እንዲያሻሽል ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ የተሰለፈው ፓኬት አይጠፋም።

አሁን ወደ 60ዎቹ ሰዎች። አንዱ በ30 ግንኙነት ፋይል ሲያወርድ፣ ሌላዋ በአንድ ግንኙነት ኢሜይል ትከፍታለች። በፍሰት ብቻ ካካፈልክ እሱ 30 ድርሻ ይወስዳል። ኬክ መጀመሪያ በሰው፣ ማለትም በኮምፒውተር፣ ከዚያ በፍሰት ሊያካፍል ይችላል። ግን ልብ በል። የአንተ ራውተር ናት ይሠራል፤ ማለትም የውስጥ አድራሻዎቹን ወደ አንድ የውጭ አድራሻ ይቀይራል። ወደ ውጭ በሚወጣው ገመድ ላይ 60ዎቹም አንድ አድራሻ ሆነው ነው የሚታዩት። ኬክ ከናቱ ጀርባ እንዲያይ የሚያደርግ አንድ ቃል አለ፤ «ናት» የሚለው ራሱ። እሱ ካልተጨመረ በሰው ማካፈሉ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው። ይህን ለተጠቃሚ አማራጭ አድርገህ አትስጠው! ራውተሩ ናት እየሠራ መሆኑን ማሽኑ ያውቃል፣ እሱው ያብራው። ገጹ ላይ «በሠራተኞች መካከል እኩል ይከፋፈል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ዳውንሎድም እንደዚያው ነው። ሊኑክስ የሚገባውን ትራፊክ ለማሰለፍ አይኤፍቢ ወደሚባል ምናባዊ ገመድ ማዞር አለብህ። ባልደረባህ ይህን ስም በሕይወቱ ማየት የለበትም። «ኢንግረስ» እና «ኢግረስ» የሚሉትን ቃላትም እንዲሁ። እንደምትቆምበት ገመድ ይገለባበጣሉ፤ እኔ ራሴ ከስንት ዓመት በኋላ ቆም ብዬ ነው የማስባቸው። ዳውንሎድ፣ አፕሎድ። ሰው የሚያውቀው እሱን ነው።

ቅድሚያ መስጠት የሚባለው ላይ ጫና ይመጣብሃል። «የኃላፊው ኮምፒውተር ይቅደም» ይባላል። «የሒሳብ ክፍል ይቅደም» ይባላል። ለሁሉም ቅድሚያ ከሰጠህ ማንም አልቀደመም። ገጽህ ላይ ከ1 እስከ 10 የሚል የቅድሚያ ቁጥር አታስቀምጥ። በጥቂት ወራት ሁሉም 10 ይሆናል። ኬክ በነባሪው ትራፊክን በሦስት ይመድባል፤ የኋላ ሥራ፣ መደበኛ እና ድምፅ። የድምፁ ክፍል ከመስመሩ ሩብ በላይ ሲይዝ ቅድሚያውን ያጣል። ይህን ገደብ እወደዋለሁ። ቅድሚያ የሚሰጠው ትንሽ ለሚፈልግ ነው፤ ብዙ የሚወስድ ከሆነ ተራውን ይጠብቅ።

እውነተኛ ድርሻ መመደብ ካስፈለገህ፣ ለምሳሌ የእንግዶች ዋይፋይ ከ5 ሜጋቢት እንዳይበልጥ፣ ኦፕንቢኤስዲ ከሚባለው ሌላ ስርዓተ ክወና ተማር። እስከ 2014 ድረስ አልትኪው የሚባለው የወረፋ ሥርዓታቸው ሰውን ገና ሲጀምር የማሰለፊያ ዘዴ እንዲመርጥ «ሲቢኪው፣ ፕሪኪው ወይስ ኤችኤፍኤስሲ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው 5.5 ቅጂ አዲስ አጻጻፍ አስገቡ፤ ጥያቄውም ቀረ። አሁን የወረፋውን ስም፣ ፍጥነቱን፣ ከፈለግክም «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» ብለህ ትጽፋለህ። ከስር የሚሠራው ያው ኤችኤፍኤስሲ ነው። ሊኑክስ ላይ ያንኑ ኤችኤፍኤስሲ ለማዋቀር ግን ሁለት ተዳፋት ያለው ከርቭ መሳል ይጠበቅብሃል። ሒሳቡ አንድ ነው። የተለየው ለሰው የቀረበበት ቃል ነው።

«ቢያንስ» እና «ቢበዛ» ለአማርኛ ገጽም ግሩም ቃላት ናቸው። ኤችቲቢ «ሬት» እና «ሲል» የሚላቸው እነዚህን ነው። ብዙ ሰው ሬትን ገደብ አድርጎ ይረዳዋል። ሬት ግን የተረጋገጠ ድርሻ ነው። የክፍሎቹ ሬት ተደምሮ ከመስመሩ ቢበልጥ ኤችቲቢ አይከለክልህም። ያኔ ክፍሎቹ አንድ ላይ ከመስመሩ በላይ ይልካሉ፣ ወረፋውም ተመልሶ ሞደሙ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ድምሩን ገጹ ይቁጠር። «ከ18 ውስጥ 15 መድበሃል፣ 3 ቀርቷል» ይበል። 18 ሲሞላ ሌላ አይቀበል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ፣ መደበቅ። የኤስኪውኤም ገጽ ሁለት ምልክት ማድረጊያ ሳጥኖች አሉት። አንዱ የላቀ ቅንብር ይላል። እሱን ስትከፍት ሌላ ይመጣል፤ አደገኛ ቅንብር ይላል። ስሙ ቀጥተኛ በመሆኑ ደስ ይለኛል። ከዚያ በላይ የወደድኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሳጥኑ በታች ያሉት አማራጮች የሚሠሩት ሳጥኑ ምልክት እስካለው ድረስ ብቻ ነው። ምልክቱን ስታነሳ ከዓይን ብቻ አይሰወሩም፣ መሥራትም ያቆማሉ። ይህን ሕግ ያዝ፦ የማይታይ ቅንብር ሥራ ላይ አይኑር። አንተ ፈቃድ ላይ ሆነህ ባልደረባህ የሚያየውና ራውተሩ የሚያደርገው ከተለያዩ፣ ገጹ ዋሸው ማለት ነው።

ከስር ደግሞ የሚሠራውን ትዕዛዝ እንዳለ አሳይ። «ይህን ቁልፍ ስትጫን የሚሄደው ይህ ነው» ብለህ። ለአንተ ማረጋገጫ ነው። ለባልደረባህ ቀስ እያለ ትምህርት ይሆነዋል። እዚህ ቦታ ላይ ቃላቱን አትተርጉም፣ ቲሲ እንደሚላቸው ተዋቸው። ችግር ሲመጣ ፈልጎ የሚያገኘው በዚያ ስም ነው።

የሁኔታ ማሳያው ላይ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። ቲሲ ከሚያወጣቸው የመጀመሪያ ቁጥሮች አንዱ የተጣለ ፓኬት ብዛት ነው። ያንን በቀይ ብታሳየው የሚደነግጥ ሰው ታፈራለህ። ኮደል ፓኬት የሚጥለው ላኪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ለመንገር ነው። መጣሉ ሥራው ነው። ይልቅ ኬክ ለየክፍሉ ከፍተኛውንና አማካዩን መዘግየት ይነግርሃል። ከላይ በትልቁ አንድ ቁጥር አድርግ፦ «አሁን ወረፋ ውስጥ የሚጠበቀው 4 ሚሊሴኮንድ።» የተጣሉት ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለ ቀለም ይቀመጡ። መረጃውን ስታነብ የቲሲን ጽሑፍ አትተንትን፤ በጄሰን (ለፕሮግራም በሚመች ቅርጽ) እንዲያወጣልህ እዘዘው። የጽሑፉ ቅርጽ በየቅጂው ይቀያየራል።

አንድ የመፈተሻ ቁልፍም ጨምር። መስመሩን በሙሉ አስጨንቆ በዚያ ሰዓት ያለውን መዘግየት ይለካ። ወረፋው ጠፍቶ አንዴ፣ በርቶ አንዴ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ። አፕል በ2021 በማክ ላይ ያስገባው የኔትወርክ መለኪያ ውጤቱን በደቂቃ ስንት ምልልስ ይቻላል በሚል ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጥሩ ነው። ለማያውቅ ሰው እሱም ደህና መንገድ ነው። ፈተናውን ግን በሥራ ሰዓት አታስኬድ።

ሁለት ነገር በአጭሩ። ራውተርህ ሃርድዌር ኦፍሎድ (ፓኬትን በቺፕ በቀጥታ ማሳለፍ) ካለውና ከበራ፣ ፓኬቱ ወረፋህን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ገጹ ይህን አይቶ በግልጽ ይናገር። መስመሩ ሞባይል ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ በየደቂቃው ይዋዥቃል፤ አንድ ቋሚ ቁጥር አይሠራለትም። ኬክ-ኦቶሬት የሚባል መዘግየትን እየተከታተለ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ስክሪፕት አለ። የአንተ ፋይበር ስለሆነ ለጊዜው አያስፈልግህም።

ኮድ ከመጻፍህ በፊት ስክሪኑን በወረቀት ሥለው። ከዚያ ቲሲን ጨርሶ የማታውቅ አንዲት ባልደረባህን ቁጭ አድርጋት። «አራት ሰዓት ላይ የዳይሬክተሩ ስብሰባ ተቆራረጠ፤ ምን ታደርጊያለሽ?» በላት። አትርዳት፣ ዝም ብለህ ተመልከት። ጣቷ የት ላይ እንደቆመ ጻፍ። ምን ማለት ነው ብላ የጠየቀችህን ቃል ሁሉ ጻፍ። ዝርዝሩን ከወረቀቱ ንድፍ ጋር ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።